ሐዋሳ ላይ ወፍ ላሳየን ባለጀልባ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ባለጀልባ ላመሰግን ነው። ስላላስፈቀድኩት ስሙን አልጠራም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ወርዳችሁ «ወፍ የሚያሳየው ልጅ የታለ?» ብትሉ ግን ይጠቁሟችኋል።

ባለፈው ክረምት አባቴን ይዤው ሄድኩ። አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ ጀልባ ላይ መውጣት ይከብደዋል። ልጁ ማንም ሳይነግረው ውሃው ውስጥ ገባና «አባባ፣ ትከሻዬን ይያዙ» አለው። ላይፍ ጃኬቱንም ራሱ አሰረለት። ዋጋውን ከመነሳታችን በፊት ነግሮናል፤ ስንመለስ አንድ ብር አልጨመረም።

ሐዋሳን የሚያውቅ አባ ኮዳን ያውቃል። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ሲያጸዱ አጠገባቸው ቆሞ የሚጥሉትን የሚጠብቀው ረጅሙ ወፍ ነው። እኛም እሱን አይተን የምንመለስ መስሎን ነበር። ልጁ ግን ፊላው ጋ ሳንደርስ ገና ከሩቅ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ በመቅዘፊያ ብቻ፣ ቀስ እያለ ወሰደን። ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ ሰማን። አንዲት ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ደግሞ አየር ላይ ባለችበት ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ቆየችና ቁልቁል ውሃው ውስጥ ተወረወረች። አባቴ ባይኖኩላሩን ከዓይኑ ማውረድ አቃተው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ጃካና የሚባለውን የውሃ ወፍ ነው። ሰውነቱ ቡናማ፣ ግንባሩ ሰማያዊ ነው። ጣቶቹ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ ይራመዳል። አንዱ እንቁላል ላይ ተቀምጦ ነበር። አብሮን የተሳፈረ ሰው «ትንሽ ጠጋ በልልኝ፣ ፎቶ ላንሳ» አለ። ልጁ በትህትና እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ወንድሜ፣ ከተጠጋን ይነሳል፤ እንቁላሉን ፀሐይ ይመታዋል። የሚታቀፈው አባትየው ነው።» እውነቱን ነው፤ በጃካና ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም ወንዱ ነው። ገንዘብ የሚከፍለውን ሰው እንዲህ ብሎ የሚመልስ አስጎብኚ ብዙ አላየሁም። ለእኔ ትልቁ ሙያው ይሄ ነው።

ወፍ ለማየት ብዙዎች በጋን ይመርጣሉ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ስለሚገቡ ነው። ልጁም ይህን አልደበቀንም። ግን ክረምትም የራሱ አለው። ጎጆ የሚጎነጉኑት ወንዶች ወፎች ቢጫ ላባቸውን የሚለብሱት ያኔ ነው፤ ሸምበቆው ላይ ተንጠልጥለው ሲሠሩ ማየት ራሱ ይበቃል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። የዝናብ ልብስ ያዙ። ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ አትስጉ፣ ልጁ ይንከባከባቸዋል።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባቴም መልእክት አለው፤ ለመስከረም ቦታ ያዝልን ብሏል።