ለተቸገረ ቤት ሕፃን፦ ገንዘብ ወይስ የቤት ለቤት ጉብኝት?

ልጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ቤቱም ጎዶሎ ነው። ለእናትየው ገንዘብ መስጠት ይሻላል ወይስ በየሳምንቱ እየሄደ ልጁን የሚያጫውት፣ ለእሷም አጨዋወቱን የሚያሳይ ሰው መላክ?

ወጪ፦ ገንዘቡ በቀጥታ እናት እጅ ይገባል። ጉብኝት ደመወዝ፣ ሥልጠናና ክትትል ይፈልጋል። መጫወቻው ግን ወጪ የለውም። ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጠጠር ከትተው ክዳኑን ጥብቅ ቢያደርጉት ልጁ ሲያንቀጫቅጨው ይውላል።

ቅለት፦ ገንዘብ ይቀላል። ሜክሲኮ በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ፕሮግራም ለእናቶች ነበር የሚከፍለው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲሄዱና ጤና ጣቢያ እንዲታዩ እያስገደደ።

ውጤት፦ እዚህ ጋ ቆም እንበል። ጃማይካ ውስጥ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በጥናት ታቀፉ። ግማሽ ያህሉ ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል ጎብኚ ቤታቸው እየሄደ ከእናቶቻቸው ጋር እንዲጫወቱ ተደረገ። ከ20 ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልተጎበኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። በሳምንት አንድ ሰዓት! ሁሌም ይገርመኛል።

ስጋት፦ ገንዘቡ ሲቋረጥ ቤቱ ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል። ጉብኝቱ ደግሞ ሠራተኛው በተቀያየረ ቁጥር ይላላል።

ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ከሌለ ገንዘቡ ይቅደም፤ የራበው ልጅ ጨዋታ አይጥመውም። ምግቡ ካለ፣ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው ሰው ካጣ፣ ጉብኝቱ ይሻላል። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነማ እኔ ወደ ጉብኝቱ አደላለሁ።