ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ባለ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ለኮከብ ፎቶ

ቴሌስኮፕ ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። ካሜራ ካላችሁ፣ ወይም የሚያውሳችሁ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ይህን ትንሽ ሌንስ ግዙ። እኔ ሁለተኛ እጅ ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዕቃዎቼ ሁሉ እንደሱ ያስደሰተኝ የለም።

የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ለእረፍት ስሄድ ሌሊቱን ደጅ ነኝ፤ በተለይ መብራት የጠፋ ቀን ደስታዬ ሌላ ነው። ካሜራው የአጎቴ ነው፣ ድሮ ሠርግ ያነሳበት የነበረ። አብሮት የነበረው ባለ 18-55 ሚሊሜትር ኪት ሌንስ (ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው) ለቀን ጥሩ ነው፤ ለኮከብ ግን ዙሙን እስከ መጨረሻው ስታወጡት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ከ5.6 በላይ አይሰፋም። ይሄኛው እስከ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሒሳቡን ስትሠሩት ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ስፋቱ 28 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጨለማ የለመደ የዓይናችን ብሌን 7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ካሜራው ደግሞ ብርሃኑን ለሰከንዶች ያጠራቅማል። ባዶ የመሰለ ሰማይ ስክሪኑ ላይ በኮከብ የሚሞላው ለዚህ ነው።

ችግር የለውም አልልም። 1.8 ላይ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ስታነሱ፣ መሀል ያሉት ኮከቦች ደህና ሆነው ጥግ ላይ ያሉት ክንፍ ያበቀሉ ይመስላሉ። ወደ 2.8 መለስ ስታደርጉት ይስተካከላል፤ ብርሃን ይቀንሳል፣ ግን ያዋጣል። የፎከስ ቀለበቱ ቀጭን ነው፣ በትንሹ ስትነኩት ይሄዳል። ኮከብ ላይ አውቶ ፎከስ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ወደ ማንዋል ቀይሩት፣ ላይቭ ቪው (ሌንሱ የሚያየውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን) ክፈቱ፣ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ 10 እጥፍ አቅርቡና ኮከቡ የመርፌ ጫፍ እስኪያክል ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን በፕላስተር አስሩት። ይህን እስካውቅ ድረስ የሁለት ሌሊት ፎቶ ሙሉ በሙሉ ደብዝዞብኛል።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ይሸሻል። 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ሚሊሜትር) አካፍሉ የሚባል የቆየ ዘዴ አለ፤ ለ50 ሲካፈል 10 ሰከንድ ይሰጣል። ያ ግን ትልቅ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላለው ካሜራ ነው። እንደኔው ዓይነት ትንሽ ሴንሰር ላይ ወደ 6 ይወርዳል። እኔ 4 ሰከንድ ላይ ነው የማነሳው፤ ከዚያ ካለፈ ኮከቡ ሰረዝ ይሆንብኛል። ትራይፖድ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወጣን (ጅብ ስላለ ብቻዬን አልወጣም)። ካሲዮፒያ የምትባለውን የከዋክብት ስብስብ በሰሜን በኩል አገኘናት። ከእሷ ተነስቼ አንድሮሜዳን ፈለግኩ፣ ሌንሱን ወደዚያ አዞርኩና በ4 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ 150 ፎቶ አነሳሁ። በድምሩ 10 ደቂቃ ብርሃን ማለት ነው። በማግስቱ ሲኳተር በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፎቶዎቹን አንድ ላይ ደረብኳቸው። መሀሉ የደመቀ፣ ዳር ዳሩ የተዘረጋ ሞላላ ጭጋግ ወጣ። ሌላ ጋላክሲ! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ይቺ ደመና ናት?» አለችኝ። «አይ እማዬ፣ እንደኛ ፍኖተ ሐሊብ ያለች ሌላ የከዋክብት አገር ናት» አልኳት። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር አፋር፣ ጎና ውስጥ የጥንት ቅድመ አያቶቻችን ድንጋይ ጠርበው መሣሪያ የሚሠሩበት ዘመን አካባቢ ነበር። በግሪኮች አፈ ታሪክ ደግሞ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያው ንጉሥ የሴፊየስና የንግሥት ካሲዮፒያ ልጅ ናት፤ እናትና ልጅ አሁንም ሰማዩ ላይ ጎረቤት ናቸው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ፎቶውን ስልኳ ላይ አስጫነችኝ።

ስትገዙ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው የገዛሁት ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ነበረበት፣ ሻጩም አልመልስም አለ። ሁለተኛ እጅ ከሆነ የስልክ መብራት በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ተዉት። ዋጋው ከየትኛውም የማይረባ ቴሌስኮፕ የተሻለ ያዋጣል፤ ለምረቃ ፎቶም ቆንጆ አድርጎ ያነሳል፣ እኔ የባትሪ መግዣዬን በዚያ ነው ያገኘሁት።

ሰፊውን የፍኖተ ሐሊብ ክፍል በአንድ ፎቶ ለሚፈልግ ግን ይጠብበታል። ለሱ ባለ 14 ወይም ባለ 18 ሚሊሜትር ያስፈልገዋል። ለኦሪዮን፣ ለሰባቱ ከዋክብት፣ ለአንድሮሜዳ ይህ ይበቃል። ክረምት ላይ አትድከሙ፣ ደመና ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው ወርቃማው ጊዜ፤ ብርዱን በጋቢ ቻሉት።

እኛ ያለንበት ቦታ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ የሰሜን ኮከብንም የደቡብ መስቀልንም በአንድ ምሽት ማየት እንችላለን። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል ሜዳው ገላጣ መሆን አለበት። ከቤታችን ጀርባ እንዲህ ያለ ቦታ አግኝቻለሁ። ሚያዝያ ላይ ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ላነሳቸው የትራይፖዱን ሦስት እግር ማረፊያ በድንጋይ ምልክት አድርጌበታለሁ።