ለሰፊ ግቢ የትኛው የአጭር ሞገድ አንቴና? ኮምቦልቻ ላይ ሰቅዬ ያየኋቸው

ፍርዴን ከመነሻው ልናገር። ሰፊ ግቢ ካላችሁ ከውጭ በሚመጣ ውድ አንቴና ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሽቦ፣ ከዲሽ ሱቅ ገመድ፣ ከእንጨት ተራ ደግሞ ረጅም የባሕር ዛፍ ቋሚ ግዙ። የቀረው ገንዘብ ለከፍታ ይሁን። የተለያዩ አንቴናዎችን ወሎ፣ ኮምቦልቻ ባለው የቤተሰባችን ግቢ እያፈራረቅኩ ሰቅዬ አዳምጫለሁ። በመጨረሻ ተሰቅሎ የቀረው ከሁሉም ርካሹ ነው።

ግቢው 30 በ40 ሜትር ገደማ ነው። ቤቱ በመንገዱ በኩል ነው፤ ከኋላ ማንጎና ጥቂት ፓፓያ አለ። እኔ በአብዛኛው አዳማጭ ነኝ። ማታ ማታ በ40 ሜትር ባንድ ላይ፣ ማለትም በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ አማተሮች (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች) ሲጠራሩ እሰማለሁ። ዶይቼ ቬለ በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የአማርኛ ሥርጭት ደግሞ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። አጭር ሞገድ ለእኛ ቤት የቤተሰብ ነገር ነው።

ማንኛውንም ሽቦ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ትንሽ የእጅ ሬዲዮ በባትሪ ክፈቱና 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት። ከዚያ ግቢውን ዙሩ። እኛ ግቢ ሳሎኑ መስኮት ሥር ስቆም የሚሰማው የሚጮህ ጢዝዝታ ብቻ ነው። ማንጎው ጋ ስደርስ ጢዝዝታው ይሟሟል። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መቆጣጠሪያ፣ ሁሉም በአጭር ሞገድ ላይ ጫጫታ ይረጫሉ። እውነቱን ለማየት መብራት ሲሄድ ሬዲዮውን በባትሪ ክፈቱት። ሰፈሩ ጨለማ ሲሆን ባንዱ እንዴት እንደሚጠራ ስትሰሙ ትገረማላችሁ። የሰፊ ግቢ ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ አንቴናውን ከቤቱ ማራቅ ይቻላል። በጠባብ ግቢ ያለ ሰው ይህን በምንም ገንዘብ አይገዛውም።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ።

የእኔ ምርጫ ዳይፖል ነው፤ ሁለት እኩል የሽቦ ክንፎች ያሉትና ገመዱ መሐሉ ላይ የሚገናኝ አንቴና ማለት ነው። የእኔው መሐሉ ከፍ ብሎ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች የሚወርዱበት፣ ኢንቨርትድ ቪ የሚባለው። ልኩ ቀላል ነው። 143ን በሜጋኸርዝ ታካፍላላችሁ፣ የሚመጣው ጠቅላላ ርዝመቱ በሜትር ነው። ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20.1 ሜትር ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ክንፍ 10 ሜትር ያህል። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከዚህ ትንሽ ያጥራል። እኔ ባለ 2.5 ሚሊ ተራ የቤት ሽቦ ተጠቅሜ 19 ሜትር ተኩል አካባቢ ላይ ተስተካከለልኝ። ስለዚህ አስረዝማችሁ ጀምሩ፤ ትርፉን አትቁረጡት፣ ወደኋላ አጥፋችሁ ጠቅልሉት። ናኖ ቪኤንኤ የሚባለው፣ አንቴናው በስንት ሜጋኸርዝ ላይ እንደተስተካከለ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ካገኛችሁ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው።

ቋሚው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው። ከ11 ሜትር በላይ የሆነ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ምረጡ። ሜትር ተኩል ያህሉ ይቀበራል፤ ከላይ 10 ሜትር ይቀራችኋል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያሳስበው ንፋሱ አይደለም፣ ምስጥ ነው። ልጣጩን ላጡት፣ የሚቀበረውን ክፍል ጠበስ አድርጉት፣ ከዚያ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት አምጥታችሁ ከአፈሩ በላይ እስከ ሁለት ስንዝር ድረስ ቀቡት። ሲደርቅ ድገሙት። ጫፉ ላይ ትንሽ ፑሊ እሰሩና የናይለን ገመድ አሳልፉበት። ያኔ አንቴናውን ለማውረድ መሰላል አያስፈልግም፤ እንደ ባንዲራ ዝቅ ከፍ ይላል። ይህች ፑሊ ከሁሉም ዕቃ የምወዳት ናት። ጫፎቹን ከመሬት 4 ሜትር ላይ ብታስሯቸው የልጅ እጅም የልብስ መስቀያም አይደርስባቸውም፣ በመሐል ያለው ማዕዘንም ከ90 ዲግሪ አይጠብም።

አንቴናውን ከሬዲዮው የሚያገናኘው ገመድ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። መጽሐፉ ሁሉ 50 ኦም (ገመዱ ለሞገዱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ይላል፤ ያ ገመድ በደሴም በኮምቦልቻም እንደልብ አይገኝም። የዲሽ ገመድ ግን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባሉት ሱቆች ሞልቷል። አርጂ 6 ይባላል፣ 75 ኦም ነው። ዳይፖል ከፍ ብሎ ሲሰቀል የራሱ መጠን 73 ኦም አካባቢ ስለሆነ እንዲያውም ይስማማሉ። ብክነቱም ከቀጭኑ አርጂ 58 ያነሰ ነው፤ ከቤቱ ርቆ ማንጎው ጋ ለተሰቀለ፣ ረጅም ገመድ ለሚፈልግ አንቴና ይህ ጥሩ ዜና ነው። ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የመሐሉን ሽቦ ከሳበው ውስጡ መዳብ የለበሰ ብረት ነው፤ ይሠራል፣ ግን ሙሉ መዳብ ካለ እሱን ውሰዱ። የውጪው መረብ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ካውያና ሊድ አይዘውም። በራሱ ኤፍ ኮኔክተር ጨርሱት፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት።

ውጤቱስ? 10 ሜትር ከፍታ ለ40 ሜትር ባንድ ሩብ ሞገድ ነው። በዚህ ከፍታ አንቴናው በብዛት ወደ ላይ ያያል። ከላይኛው የአየር ክፍል (አዮኖስፌር) ተመልሶ የሚወርደው ሞገድ ተራራ አያግደውም። አዲስ አበባ በአየር ከኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእንደዚህ ያለ ርቀት ከዚህ የሚሻል የለም። ጠዋትና ወደ ማታ ግድም ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ራቅ ያለው ይከፈታል።

ሁለተኛው ደረጃ የኤንድ ፌድ ነው፤ ገመዱ መሐሉ ላይ ሳይሆን አንድ ጫፉ ላይ የሚገናኝ ሽቦ። አንድ ዘመድ ከዱባይ ያመጣልኝ ዝግጁ ዕቃ ነው፤ 20 ሜትር ሽቦ ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ጋር። ሳጥኗ ውስጥ ሽቦውን ከገመዱ ጋር የሚያስማማ ባለ 49 ለ1 ትራንስፎርመር አለ። ጥሩ ጎኑን ልመስክር። መሐል ላይ ቋሚ አያስፈልገውም፤ አንዱ ጫፍ ከቤቱ ጥግ፣ ሌላው ከዛፍ። ያለ ማስተካከያ 40፣ 20፣ 15 እና 10 ሜትር ባንዶችን ይይዛል። ይህ ለአንድ ሽቦ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ የገመዱን ልባስ (የውጪውን መረብ) እንደ ሁለተኛ ክንፍ መጠቀሙ ነው። ገመዱ ቤት ሲገባ የቤቱን ጫጫታ ሁሉ ይዞ ይወጣል። ገመዱን ከሳጥኗ ትንሽ ራቅ አድርጌ ፌራይት በሚባል፣ ጫጫታ በሚያግድ ቀለበት ላይ ደጋግሜ ስጠመጥመው በጣም ተሻለው። የሳጥኗ ክዳን ግን ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ውሃ አስገባ። በዚያ ዋጋ ይህ አይገባም ነበር። መሐል ግቢው በቤት ወይም በጋራዥ የተያዘ ሰው ግን ይህን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ቆሞ የሚሰቀለው ቨርቲካል በወረቀት ላይ ያምራል። 10 ሜትር ቱቦ፣ ከሥሩ በመሬት ላይ የሚዘረጉ ብዙ ሽቦዎች። ሞገዱን ዝቅ አድርጎ ወደ ሩቅ ይልካል። እኛ ጋ ግን በምዕራብና በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ሐረጎና ወደ ደሴ የሚወጣው ተራራ ቆሟል፤ አውሮፓም በዚያው ገደማ ነው። የመሬቱ ሽቦ ደግሞ ጓሮ የሚቆፍር ሰው ባለበት ግቢ ዕድሜ የለውም። ጫጫታም ከዳይፖሉ የበለጠ ይሰበስባል። ሜዳ ላይ ላለ ሰው ይሁን፣ ለእኔ አልሆነም። ማግኔቲክ ሉፕ የሚባለውን ትንሹን ክብ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት እተወዋለሁ፤ ሰፊ ግቢ ይዞ እሱን መግዛት ያሳዝናል።

ስለ ጎረቤት ሳልናገር ባልፍ ጥሩ አይሆንም። ሽቦው በተሰቀለ ማግስት ከአጥር ወዲያ ያሉት እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር መብረቅ አይጠራብንም?» አሉኝ። «እማማ፣ ከጀርባዎ ያለው ባሕር ዛፍ ከዚህ ይረዝማል» አልኳቸው፤ ገመዱን እንዴት እንደምነቅልም አሳየኋቸው። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነው። ሐምሌና ነሐሴ የወሎ ሰማይ አይታመንም። ደመና ሲጠቁር ገመዱን ከሬዲዮው ንቀሉና ጫፉን ከቤት ውጭ አስቀሩት። መብረቁ ከጀመረ በኋላ ገመዱን ለመንካት መሮጥ አደጋ ነው። የገመዱ ልባስ ከቤት ሳይገባ ከመሬት ብረት ጋር ቢታሰርም ንቀሉት።

ሌላው፣ አካባቢያችን ካሳለፈው አንፃር ሰው ረጅም ሽቦ አይቶ ቢጠይቅ አይገርመኝም። ቀድማችሁ ለቀበሌውም ለጎረቤቱም ንገሩ። ከማዳመጥ አልፎ ለመላክ ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የግድ ነው። ስለ አማተር ሬዲዮ መጠየቅ የፈለገ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ያለውን፣ መጠሪያው «ኢቲ3ኤኤ» የሆነውን የክበብ ጣቢያ ቢያናግር ትክክለኛ በር አንኳኳ ማለት ነው። በኢቲ የሚጀምር መጠሪያ በዓለም ባንዶች ላይ ብርቅ ስለሆነ ፈቃድ ያለው ሰው ሲጠራ የሚመልስለት አያጣም።

ዳይፖሉን ከሰቀላችሁ በኋላ 20 ሜትር ባንድንም ከፈለጋችሁ ሌላ ቋሚ አትግዙ። እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሆኑ ሁለት ሽቦዎች እዚያው መሐል መገናኛው ላይ ጨምሩና ጫፎቻቸውን ከመጀመሪያዎቹ ለየት ባለ አቅጣጫ ሳቡ። ሽቦዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጉ ለሰሜንና ለደቡብ ጆሯቸው ክፍት ነው፤ አውሮፓን ለማዳመጥ ይህ ይስማማል። የእኔም አሁን እንዲህ ተሰቅሏል።