የጌም ማውሴ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ ፓይፐር የሚባለው ፕሮግራም ባይኖር ኖሮ ሸጬው ነበር

ባለፈው ሳምንት ቡሬ ከተማ ወንድሜ ጋ ሄጄ ማውሴን የሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። የሱ ዊንዶውስ ነው፣ ለማውስ ብሎ የጫነው ምንም ነገር የለም፣ ኔትም አልነበረም። በአውራ ጣቴ የጎኑን ቁልፍ ስጫን ኮፒ አደረገ፣ ከፊት ያለውን ስጫን ፔስት አደረገ፣ ፍጥነቱም ደብረ ማርቆስ ሱቄ ውስጥ እንዳለው ነው። ወንድሜ «መቼ ነው የጫንክበት?» አለኝ። ምንም አልጫንኩም፣ ማውሱ ራሱ ሆዱ ውስጥ ይዞት ነው የመጣው። ይሄን ካየሁ በኋላ ነው ልጻፈው ያልኩት፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ወር ብትጠይቁኝ ኖሮ 3,800 ብሬን ሜዳ ላይ በተንኩት ነበር የምላችሁ።

አዲስ አበባ ሄጄ ነው የገዛሁት። ማታ ማታ ዶታ 2 እጫወታለሁ፣ ቀን ግን እንጀራዬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ነው፣ ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መመረቂያ ጽሑፍ ምናምን። ሻጩ «ሶፍትዌሩን ታወርዳለህ፣ የፈለከውን እዛ ላይ ታስተካክላለህ» ብሎ ነው የሰጠኝ። እሺ ወንድሜ፣ አወረድኩት፣ በስንት ካርድ! ከዛ አካውንት ክፈት ይላል፣ አፕዴት አድርግ ይላል፣ አፕዴቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ይሄዳል፣ እንደገና ከዜሮ። እንደምንም አስተካክዬ ደግሞ ሶፍትዌሩ ካልተከፈተ ያስተካከልኩት የለም፣ ማውሱ ወደ ፋብሪካው አመሉ ይመለሳል። ጎጃም ውስጥ ኔት ተቋርጦ የከረመበትን ጊዜ ያየ ሰው ማውስ ለማስተካከል ኔት መለመን ምን ያህል እንደሚያናድድ ይገባዋል።

ከሁሉም የባሰችው ግን ከማዞሪያው ጎማ ኋላ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ናት። ሥራዋ ዲፒአይ መቀያየር ነው፣ ማለትም እጃችሁ አንድ ኢንች ሲሄድ ከርሰሩ ስንት ነጥብ እንደሚሄድ። ከ800 ወደ 1600 ሲዘል ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ሌላም ከዛ በላይ አለው። አንድ ቀን አንድ አባት የመሬት አቤቱታ ሊያስጽፉ ከገጠር መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው ከጎኔ ቁመው ስክሪኑን ያያሉ፣ ሁለት ገጽ ጨርሻለሁ፣ አንድ መስመር ላርም መርጬ ስጎትት ጣቴ ያቺን ቁልፍ ነካት፣ ከርሰሩ ተስፈንጥሮ ገጹን ሙሉ መረጠው፣ ቀጥዬ የነካሁት ፊደል ሁሉንም ጠረገው። መመለስ ይቻላል፣ መለስኩትም፣ ግን «ጠፋ እንዴ ልጄ?» ሲሉኝ ድምፃቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለዛች ወረቀት እኮ ሌሊት ተነስተው ነው የመጡት።

በዛው ሰሞን የሱቁን ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ ቀየርኩት፣ ኡቡንቱ በነጻ የሚገኝ የሊኑክስ ዓይነት ሲስተም ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ በየፍላሹ ቫይረስ ስለሰለቸኝ። የማውሱ አምራች ደግሞ ለሊኑክስ ሶፍትዌር አልሰራም። በቃ ልሸጠው ነው ስል አንድ ልጅ ፓይፐርን ሞክረው አለኝ፣ ሊኑክስ ላይ የጌም ማውስ የሚያስተካክል ነጻ ፕሮግራም ነው። ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ላይ፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፓይፐር» (sudo apt install piper) አልኩት፣ በስልኬ ሆትስፖት ቶሎ ወርዶ አለቀ፣ አካውንት የለ፣ ክፍያ የለ። ስከፍተው የማውሱን ስዕል አመጣልኝ፣ ከየቁልፉ መስመር ወጥቶ ምን እንደሚሰራ ተጽፎበታል። ያቺን አመለኛ ቁልፍ ዘጋኋት። በጎን ላሉት ሁለቱ ኮንትሮል ሲ እና ኮንትሮል ቪን (ኮፒና ፔስትን) በማክሮ ሰጠኋቸው፣ ማክሮ ማለት አንድ ቁልፍ ሲጫን ብዙ ቁልፍ እንደተጫነ የሚያደርግ ነው። ዲፒአዩን አንድ ብቻ፣ 800 ላይ። ፖሊንግ ሬቱን 1000 አደረግኩት፣ በየ1 ሚሊሰከንዱ ለኮምፒውተሩ ቦታውን ይነግረዋል ማለት ነው፣ 125 ላይ ቢሆን በየ8 ነው። ከላይ አፕላይ የምትለውን መጫን እንዳትረሱ፣ እሷን ሳትጫኑ ማውሱ ላይ አይጻፍም።

ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው። ፓይፐር የሚታየው መስኮት ነው እንጂ ከጀርባ ሆኖ ከማውሱ ጋር የሚነጋገረው ሊብራትባግ የሚባል ፕሮግራም ነው፣ እሱም ያዘዛችሁትን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ማውሱ ውስጥ ያለው ሜሞሪ ላይ ይጽፈዋል። መብራት ቢሄድ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ቢደረግ፣ ማውሱ ቡሬ ቢሄድ ያው ነው። ለካ የከፈልኩበት ሜሞሪ ከመጀመሪያውም እጄ ላይ ነበር! ፓይፐር አሁን ያለውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2017 በጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ጉግል ተማሪዎችን እየከፈለ ነጻ ሶፍትዌር ላይ በሚያሰራበት ፕሮግራም) አንድ ተማሪ ሰርቶበት መሆኑን ሳነብ ደግሞ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔ ጋ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጽፉት ልጆች መጡልኝ፣ እንዲህ ያለ የሚያገለግል ነገር ሰርተው ቢመረቁ ምን አለበት እላለሁ።

ሌላው ያው ማውስ ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ገመዱ ትንሽ ይደርቃል።

ሻጩን ባገኘው አንድ ነገር እለዋለሁ፣ «አንተ መብራቱን በቀይ በሰማያዊ እያበራህ ከምታሳየኝ ውስጡ ሜሞሪ አለው ወይ ለሚለው መልስ ስጠኝ።» እናንተም ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የማውሱን ሞዴል ሊብራትባግ ከሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ፓይፐር ስትከፍቱት ማውስ አላገኘሁም ይላችኋል፣ ባለብዙ መብራት ርካሾቹን በተለይ ሳታዩ እንዳትገዙ። የኔው አለ። አሁን 3,800 ሳይሆን 5,000 ቢሰጡኝም አልሸጠውም፣ ወንድሜም ያንኑ ሞዴል ግዛልኝ ብሎ ብሩን ልኮልኛል፣ እኔ ጋ ማስተካከያውን ሞልቼበት ማውሱን በመኪና እልክለታለሁ።