የምናብ ፎቶ ለመነሳት ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ለምረቃ፣ ለሠርግ ወይም ለልጅ ልደት የተረት ንጉሥ፣ የጥንት ጦረኛ ወይም የደን እመቤት ሆናችሁ ፎቶ ለመነሳት ያሰባችሁ የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የመሐል ሜዳና የአካባቢው ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። በከተማችን አንድ ስቱዲዮ ይህን ሥራ እሠራለሁ እያለ ከብዙ ሰው ቀብድ እየሰበሰበ ነው። የሚያስከፍለው የአልባሳት፣ የጉዞ፣ የመብራትና የፎቶ አንሺ ሙሉ ዋጋ ነው። የሚያስረክበው ግን ማንም ያላነሳው ፎቶ ነው፤ ፊታችሁን በስልክ ያነሳና በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተሠራ ሥዕል ላይ ይለጥፈዋል። አቤቱታችን ገና እየታየ ስለሆነ የስቱዲዮውን ስም እዚህ አልጽፍም። አሠራሩን ግን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ነገ በሌላ ስም ቢመጣም እንድታውቁት።

የወንድሜ ልጅ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ጋዋን ለብሶ፣ አበባ ይዞ መነሳት ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ እኔ የራሴ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ አለች። መንዝ አያቷ ቤት ስላደገች ያሰበችው ገጸ ባሕርይም ከዚያው የወጣ ነበር፤ የጓሳ ጠባቂ። ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሕዝቡ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ በራሱ ሥርዓት እየወሰነ ጠብቆ ያቆየው ደጋ ነው። ልጅቷ በሐሳቧ ያየችው ከንጋት ጉም ውስጥ የምትወጣ ሴት ናት፤ ቀሚሷ የደረቀ ጓሳ ሣር ቀለም ያለው፣ በትከሻዋ ጥቁር በርኖስ የደረበች፣ ከጎኗ ቀይ ቀበሮ የቆመች። ይህን በእርሳስ ስላ ለስቱዲዮው ስታሳይ ደስ ብሏቸው ተቀበሏት። ጥቅሉ 18,000 ብር፣ ግማሹ ቀብድ ተባለ። በዚህ ዋጋ ውስጥ በሥዕሉ መሠረት የሚሰፋ ቀሚስ፣ ወደ ጓሳ የሚደረግ ጉዞ፣ የፀጉርና የሜካፕ ሥራ፣ ፍሬም የገቡ ሦስት ትልልቅ ፎቶዎች፣ በመጨረሻም ሥራው በከተማው ዐውደ ርእይ ላይ መቅረብ ተካትቷል። ቀብዱ የገባው በድርጅቱ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ ነው። ደረሰኝ ስንጠይቅ ሲጠናቀቅ አንድ ላይ ይቆረጣል አሉን።

ጉዞው በመጀመሪያ በዝናብ፣ ቀጥሎ በመንገዱ፣ ከዚያም በመኪና ችግር እየተሳበበ ቀረ። ቀሚሱም አልተሰፋም። በመጨረሻ ስቱዲዮ ጠርተው በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት አቆሟት፤ አንድ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና በስልክ አነሷት። አብሬያት ነበርኩና ካሜራው የት አለ፣ መብራቱስ ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ "እትዬ፣ ዘመኑ ተቀይሯል፤ ውጤቱን ሲያዩ ይረካሉ" አለኝ። የቀረውን ክፍያ ካልከፈላችሁ ፋይሉ አይሰጥም ተባለና ቤተሰቡ ከፈለ።

የመጣውን ፎቶ በጥንቃቄ እገልጽላችኋለሁ፤ ሌላውም ሰው የሚደርሰው ይኸው ነውና። ቀበሮው ቀይ ቀበሮ አይደለም። የጓሳው ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፉ ሹል፣ ቆዳው ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው። በፎቶው ላይ የቆመው በበረዶ አገር የሚኖር ግራጫ፣ ፀጉረ ድፍን ተኩላ ነው። ከኋላዋ የጓሳው ተክሎች፣ ጅብራም አስታም የሉም፤ የጥድ ደንና ጣሪያው እንደ ጦር የሾለ የአውሮፓ ግንብ ይታያል። በርኖሱ ቆብ ያለውና በብር ማያያዣ የተቆለፈ ካባ ሆኗል። በትር የያዘችበት እጅ አውራ ጣት የለውም። ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ከላይ፣ ከስቱዲዮው ጣሪያ አምፖል የወረደ ሲሆን ሰውነቷ ላይ ያለው ግን ከኋላ የመጣ የምሽት ፀሐይ ነው፤ አንገቷ ላይ ሁለቱ ብርሃኖች የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል። ከሁሉም ያመመኝ ፊቷ ነው። ቆዳዋን አንጥተውታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጥፍተዋታል። እናቷ ፎቶውን ይዛ ብዙ ከቆየች በኋላ "ይህች የማን ልጅ ናት?" አለች።

ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ተገለጠ። በአንዱ ሹሩባዋ ወደ ኋላ የተሠራ ነው፤ በሌላው ወደ ጎን ወርዶ ደረቷ ላይ ተኝቷል። የቀሚሱ ጥለት በአንዱ መስቀል፣ በሌላው አበባ፣ በሦስተኛው ጭራሽ ትርጉም የሌለው መስመር ነው። በእውነት ለብሳ ተነስታ ቢሆን ጥለቱ በሦስቱም አንድ ይሆን ነበር። እናንተም ከአንድ ቀን ሥራ የወጡ ብዙ ፎቶዎችን አስወጥታችሁ ጥለቱን፣ ሹሩባውን፣ ጌጡን አስተያዩ። ካሜራ የነካው ሥራ ብዙ ተመሳሳይ፣ ትንሽ ትንሽ የሚለያዩ ፎቶዎች ይኖሩታል፤ ዓይን የተጨፈነበት፣ ነፋስ ልብሱን የገለበው፣ የተደበዘዘው ሁሉ አለ። ማሳየት የማይችል አላነሳም።

ኅትመቱም ያው ነው። 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ፎቶ ያተሙት በቴሌግራም ከተላከ፣ ረጅም ጎኑ 1,280 ፒክስል ብቻ ከሆነ ምስል ነው። ይህ ማለት በአንድ ኢንች 46 ያህል ፒክስል ብቻ ነው የሚደርሰው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ በኢንች 150 ቢሆን ይበቃል፣ በእጅ ተይዞ ለሚታይ ደግሞ 300 ይመረጣል፤ ለ70 ሴንቲ ሜትር በ150 ስሌት እንኳ ከ4,100 በላይ ፒክስል ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ቀረብ ሲሉ የልጅቷ ሽፋሽፍት ተለጣጥፎ የሚታየው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ስለሚያሳንሰው፣ ፋይላችሁን ስትቀበሉ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክ ወይም በፍላሽ እንዲገለበጥላችሁ ጠይቁ።

ይህን ስል ሙያውን እየወቀስሁ አይደለም። ሰውን በምናብ ገጸ ባሕርይ ማንሳት የከበረ፣ ረጅም ታሪክ ያለው ሥራ ነው። እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1874 ዘመዶቿንና ጎረቤቶቿን የጥንት ነገሥታትና ንግሥታት እያስመሰለች ታነሳ ነበር፤ ነጭ ጢም የነበረውን የራሷን ባል አስማተኛ ሽማግሌ አድርጋዋለች። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶ እስኪወጣ ተነሺው ሳይነቃነቅ ብዙ ሰከንድ መቆየት ነበረበት። የእኛዋ አይዳ ሙሉነህ ደግሞ ፊታቸው በደማቅ ቀለም የተቀባ ሴቶችን አልብሳ፣ አቁማ፣ ብርሃኑን አስተካክላ በሠራቻቸው ፎቶዎች በዓለም ታውቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስትም ፎቶ በክብር የሚሰቀልበት መድረክ ምን እንደሚመስል ለአገራችን ሰው አሳይቷል። ተነሺውን በስቱዲዮ አንስቶ የጓሳን መልክዓ ምድር ከኋላ ማስገባትም ነውር የለበትም፤ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ እንዲመጣ፣ የካሜራው ከፍታ እንዲገጥም ተጠንቅቆ ከተሠራና አስቀድሞ ከተነገረ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሥዕል የሚወድም በራሱ ዋጋ ይግዛው። እኛ የተጣላነው አንዱን በሌላው ስምና ዋጋ ከሚሸጠው ጋር ነው። በከተማችን ልብስ አሰፍተው፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ጣርማ በር ድረስ ወጥተው ጉም ሲጠብቁ የሚያረፍዱ ወጣት ፎቶ አንሺዎች አሉ፤ ገበያውን የሚያበላሽባቸው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

አሁን ስለ ንብረታችሁ ልንገራችሁ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ብዙ ሰው ያቃጠለው ይህ ነው። ስቱዲዮው ፎቶው እውነተኛ እንዲመስል የቤተሰብ ቅርስ አምጡ ይላል፤ ጎፈር፣ ለምድ፣ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ በርኖስ። እኛ የወሰድነው የአባቴን በርኖስ ነበር። ከመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የተሠራ፣ አባቴ በክረምት ለቅሶ ሲደርስም ሆነ ሽምግልና ሲቀመጥ ከትከሻው የማያወርደው ነው። ለቀረጻው አላስፈለገም ተብሎ እዚያው ቀረ። ስንረከበው አንገትጌው ላይ የሰው ሠራሽ ጢም ማጣበቂያ ደርቆበታል፤ ጫፉ በመብራት ሙቀት ተለብልቧል። የደረቀውን ማጣበቂያ በጥፍሬ ስፈቀፍቅ ፀጉሩ አብሮ ይነቀላል። ማን እንደለበሰው ስንጠይቅ መልስ የለም። በኋላ በራሳቸው ማስታወቂያ ላይ አንድ የማናውቀው ጎልማሳ ደርቦት አየነው። የጎረቤታችን የአያታቸው ጎፈርም እንዲሁ ለሠርግ ሲከራይ ተገኝቷል። እዚያ የተተወው ንብረት ሁሉ የኪራይ ዕቃ ሆኖ እየሠራ ነው ማለት ነው። ቅርስ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አብራችሁት ዋሉ፣ አብራችሁት ተመለሱ፤ ማደር ካለበትም ከሁሉም በኩል ፎቶ አንሥታችሁ፣ ያለበትን ሁኔታ ጽፋችሁ አስፈርሙ።

ዐውደ ርእይ የተባለው የአንድ ሆቴል መተላለፊያ ሆነ። ፎቶዎቹ በፍሬም ሳይሆን በባነር ታትመው፣ በእያንዳንዱ ግርጌ የስቱዲዮው ስልክ ቁጥርና የዋጋ ዝርዝር ተጽፎባቸው ተሰቀሉ። የወንድሜ ልጅ ምስል ከዚያ ወዲያ በፌስቡክም በቲክቶክም የዚያ ስቱዲዮ ማስታወቂያ ሆኗል። አንዲት እናት ደግሞ የሕፃን ልጇን ምስል ያለ ፈቃዷ መንገድ ዳር በተተከለ ባነር ላይ አግኝታዋለች። አንሱልን ስንል በውላችሁ ላይ ሥራው ለሕዝብ ይቀርባል ይላል ብለው ተከራከሩ።

ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ቦታ ሊቀርብ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ደንግጓል። ሕጉ ራሱ የዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ የሰውን ፊት ለኪራይ ልብስ ማስታወቂያ ማድረግ ግን ከእነርሱ አንዱ አይደለም። በዐውደ ርእይ እንዲታይ መስማማትና ለማስታወቂያ እንዲውል መፍቀድ የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው፤ በውሉ ላይ ለየብቻ አስጽፏቸው። ስለ ቀብድም አንቀጽ 1885ን ዕወቁ፤ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ነው። ስቱዲዮው በሚያስፈርመው ወረቀት ግርጌ በደቃቅ ፊደል "ቀብድ በማንኛውም ምክንያት አይመለስም" የሚል የተጻፈው ለዚሁ ነው። ያንን መስመር ሳታሰርዙ አትፈርሙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ደረሰኝ መጠየቅም መብታችሁ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በወረቀት ላይ እንዲሰፍር የምትጠይቁት ይህ ነው፦ ፎቶውን ማን እንደሚያነሳው፣ በምን እንደሚያነሳው፣ የትና መቼ፣ ልብሱ የማን እንደሆነ፣ ከኋላ የሚገባው መልክዓ ምድር በእውነት የተነሳ መሆኑን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይገባበት እንደሆነና ከገባም የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነ። ያልታረመው ዋና ፋይል እንደሚሰጣችሁም ይጻፍ። ጉዞ ቢቀር ዋጋው በምን ያህል እንደሚቀንስ ቁጥሩን አስቀምጡ። የቀድሞ ሥራዎቹን ሲያሳይ ደግሞ ከተነሺዎቹ መካከል አንዱን ለማነጋገር ጠይቁ፤ የእኛው ስቱዲዮ ሲያሳየን ከነበሩት ፎቶዎች ላይ ያሉት ፊቶች እስከ ዛሬ በከተማው ያያቸው የለም።

ገንዘባችሁን የከፈላችሁ ካላችሁ የዝውውር መልእክታችሁንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ፣ የማስታወቂያውንም ምስል ቀርጻችሁ አስቀምጡ፤ ስቱዲዮው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የቆዩ ማስታወቂያዎቹን እያጠፋ ነው። ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ያስገባነው አቤቱታ ላይ ስማችሁን ለማከል የምትፈልጉ ማስረጃችሁን ይዛችሁ በአካል መቅረብ ትችላላችሁ። ንብረታችሁ እዚያ ያደረ ደግሞ ዛሬውኑ ምስክር ይዛችሁ ሄዳችሁ ተረከቡ።