እድር ወይስ የቀብር ድርጅት? ያለ ፍትሐት መቀበር ለሚፈልግ ቤተሰብ

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። «ፍትሐት አልሻም፤ ካህናቱንም አታድክሟቸው» ብለው በእጃቸው ጽፈው አለፉ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ የሚል ሽማግሌ የታመመበት ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፦ እድር ይሻላል ወይስ ድርጅት? መልሴ አልተለወጠም። እድር፤ ሣጥኑ ደግሞ ከአናጢ።

አጎቴ ያረፉት በ2014 ሐምሌ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ነው። በድንጋጤ በቅርብ ያገኘነውን ድርጅት ቀጠርን። «ሙሉ አገልግሎት» 48,000 ብር፦ ሣጥን፣ መኪና፣ አበባ፣ ጥላ የሚይዙ ዲያቆናት። ዲያቆናቱ ይቅሩና ይቀነስልን አልን። ሰውየው ቀና ሳይል «ቢቀሩም ዋጋው ያው ነው» አለ። መኪናው ከከተማ ሲወጣ ደግሞ በኪሎ ሜትር ይታሰባል፣ ያውም ደርሶ መልስ። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኛ የ260 ከፈልን።

ከሁሉ የከፋው ሣጥኑ ነው። ከ48,000ው ውስጥ 22,000 ብር የታሰበው «ዋንዛ ነው» ተብሎ ነበር። በዝናብ ከመኪናው አውርደን ጭቃውን ስንወጣ፣ በእኔ በኩል ያለው ወርቃማ እጀታ ከነብሎኑ ተነቅሎ በእጄ ቀረ። ከቀዳዳው የራሰ ቺፑድ እንደ ገንፎ ወጣ። አራት ሰዎች ከሥር ደግፈው አደረሱት።

በ2016 የአጎቴ ወዳጅ ሲያርፉ ኑዛዜያቸው ያው ነበር። የሰፈራችን አናጢ ቁመታቸውን በሲባጎ ለክቶ፣ የባሕር ዛፍ ጣውላ መትቶ ሌሊቱን አደረ፤ 9,000 ብር። አያምርም፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱንና ቆፋሪዎቹን እድሩ አቀረበ፤ ለቤተሰቡም 8,000 ብር ሰጠ። መዋጮው በወር 50 ብር ነበር። በፍትሐቱ ፋንታ ተማሪያቸው የነበረ ሰው የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ።

እድርም ነገር አያጣም። ዳኛው «ያለ ካህን? ሰው ምን ይለናል?» ብለው አንድ ሰዓት አከራከሩን። ዝም ያሰኛቸው ወረቀቱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ስለ ቀብሩ በኑዛዜ ማዘዝ ይችላል። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል፤ መሳቢያ ውስጥ አታቆዩት። ለተዝካር የሚገፋፋ ዘመድም አይጠፋም። ሕጉ የቀብር ወጪን ከውርሱ ዕዳዎች ሁሉ አስቀድሞ ያስከፍላል፤ የተዝካርን ወጪ ግን ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። ድግስ ያማረው ከኪሱ ያውጣ።

ከእድሩም ከድርጅቱም በፊት ግን የመቃብር ቦታ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለ ንስሐ አባት አይታሰብምና ሰውየው በሕይወት ሳሉ ማዘጋጃ ቤት ሂዳችሁ ጠይቁ።

ድርጅት የሚበልጠው በመኪና ብቻ ነው። ሞቱ ሩቅ አገር ከሆነ መኪናውን ለብቻው ተከራዩ፤ የመልሱን ኪሎ ሜትር አስቀድማችሁ ተከራከሩ። ሣጥን ከሱቅ መግዛት ግድ ከሆነባችሁም ገበሩን ገልጣችሁ የጣውላውን ጠርዝ እዩ፤ የእንጨት መስመር ከሌለው ቺፑድ ነው። አንዱ ሻጭ ገበሩን ስነካ «የሙት ልብስ አይገለጥም፣ ነውር ነው» ብሎ ተቆጣኝ። ወጥቼ ሄድኩ።