«3500 ዋት» የሚል ዲቫይደር ለምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ ለምጣድ ወይም ለምድጃ የሚሆን ዲቫይደር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። ነጭ፣ ገመዱ ወፍራም የሚመስል፣ በጀርባው «16 አምፔር፣ 3500 ዋት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ 5 ሜትር ዲቫይደር ገበያ ላይ አለ። እህቴ ሳቢያን ለሚገኘው ቤቷ አንዱን ገዝታ ምጣዷን ሰካችበት። ጥቂት እንጀራ እንዳወጣች ላስቲኩ መሽተት ጀመረ፤ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያውን ጠቆረ፤ ገመዱ እጅ አላስነካ አለ።

ሻጩ ሲሸጥላት ባለ 9 ዋት አምፖል ሰክቶ «ይኸው፣ ይሠራል» ብሏታል። ማታለያው እዚህ ላይ ነው። 9 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 0.04 አምፔር ነው። 3500 ዋት ለ220 ሲካፈል ግን ወደ 16 አምፔር ይመጣል። በገመድ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በከረንቱ (በአምፔር በሚለካው የኤሌክትሪክ ፍሰት) ካሬ ነው፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦም ቢሆን ያንን አምፖል ያበራል። ስለዚህ በአምፖል የተፈተነ ዲቫይደር አልተፈተነም።

ምጣዱ እንደበራ በቴስተር ለካሁት (ይህን ባለሙያ ላልሆነ ሰው አልመክርም)። የግድግዳው ሶኬት 216 ቮልት፣ የዲቫይደሩ ጫፍ 203 ቮልት፣ ከረንቱ 14.5 አምፔር። መንገድ ላይ 13 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው። 13 ለ14.5 ሲካፈል የገመዱ ሬዚስታንስ (ለከረንቱ የሚያሳየው እንቅፋት) 0.9 ኦም ነው፤ 13 በ14.5 ሲባዛ ደግሞ ወደ 190 ዋት። የሁለት የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖሎችን ያህል ሙቀት በላስቲክ ታፍኖ፣ ያውም በድሬዳዋ ሐሩር! ይህም በቆጣሪ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ምጣዱ የደረሰው 2940 ዋት ገደማ ብቻ ስለሆነ እንጀራው በወጉ ዓይን አላወጣም፤ እህቴ ሊጡን ስትወቅስ ነበር።

ገመዱን ቆረጥኩት። ከላይ ወፍራም ላስቲክ፣ ከውስጥ ጥቂት ቀጫጭን ክሮች። መዳብ የመሰለውን በምላጭ ስፍቀው ነጭ ሆነ፤ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። እውነተኛ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ቢሆን ኖሮ ደርሶ መልሱ 10 ሜትር ሽቦ 0.07 ኦም ገደማ ነበር፤ የሚባክነውም ወደ 15 ዋት።

ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ። ሆኖም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ለሸማች ሰጥቷል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቅ አትውጡ።

የድሬዳዋዎቹ ታይዋን ገበያም ቀፊራ ገበያም ሄዳችሁ ስትገዙ ከዋቱ ይልቅ የሽቦውን ውፍረት ጠይቁ። ገመዱ ላይ «3×2.5» (ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር) ወይም ቢያንስ «3×1.5» የሚል ይፈለጋል፤ ጽሑፉም ሊዋሽ ስለሚችል ጫፉ ተከፍቶ ሽቦው ይፋቅላችሁ። ማግኔት ከሳበው ብረት ነው፣ ተዉት። ሻጩ እምቢ ካለ፣ ሽቦውን በሜትር ገዝታችሁ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማሠራት ይሻላል። ያን ነጩን ቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ለስልክና ለቴሌቪዥን ብቻ ተጠቀሙበት፤ ምጣድ፣ ምድጃና የውኃ ማፍያ ዛሬውኑ ንቀሉበት።